የቀይዋ መኪና መሪ በየት በኩል ነው?

ጥቅምት 6

ለአጎቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅ፣ የያዝከው ይባረክ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን። ደህና ያልሆኑት ጎረቤታችን እትዬ ሳቂታ ናቸው። ጉልበታቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ተኝተዋል። ሐኪሙ "ደረጃ እንዳይወጡ" ቢላቸው "ቤቴ እኮ ፎቅ ላይ ነው፤ አንተ ጋ ልደር?" ብለው ክፍሉን በሳቅ ገደሉት አሉ። ትልቁ ልጃቸው ሥራ ቀይሮ ደመወዙም ፀባዩም ተሻሽሏል። ትንሿ፣ ያቺ ባሕር ማዶ አንተ ካለህበት ከተማ ያለችው ነርስ፣ ዘንድሮ ለእረፍት መምጣቷ ነው። አንድም ቀን ሰላም ብለሃት እንደማታውቅ ሰምቻለሁ። ከተማው ሰፊ ነው መሰለኝ።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። "መኪናዋ የት ደረሰች?" ብለህ በሁለት መስመር ጽፈሃል። አባባ የት ደረሱ የሚል ግን ፈልጌ አጣሁ። ወረቀቱንም ገልብጬ አየሁት፤ ጀርባው ላይም የለም።

እንግዲህ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። እማዬ ካረፈች ወዲህ አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንደተኙ ታውቃለህ። ከአልጋ ያስነሷቸው ያንተ ፎቶዎች ናቸው፤ ይህን አልክድም። የምትሠራበት የመኪና ማሳያ አዳራሽ ውስጥ የቆመችውን ያቺን ቀይ የውድድር መኪና አንስተህ በላክህላቸው ጊዜ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መኪና በርና ኮፈን ሲያቃኑ የኖሩት ባቲላሜራ ብርድ ልብሱን ገፍፈው ቁጭ አሉ። "ይህችን አሳንሼ እሠራታለሁ" አሉኝ። እኔ የሳምንት ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ይኸው ስንት ክረምት ወጣ።

ብታያት! ከክንዴ አትረዝምም። አካሏን ከዘይት ቆርቆሮ ቀጥቅጠው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፣ አንተ የላክኸውን ቀይ ቀለም ደጋግመው ቀብተዋታል። በሯ ይከፈታል። ሲዘጋ ደግሞ እንደ እውነተኛ በር "ጠቅ" ይላል፤ ያቺን ጠቅታ ለማምጣት ስንት ቀን እንደለፉ እኔ ነኝ የማውቀው። የሻይ ማጥለያዬን ወንፊት ቆርጠው ራዲያተር አደረጉት፤ ሻይ በጨርቅ ማጥለል ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ስፖኪዮዋ ከመኳኳያዬ መስታወት የተቆረጠ ነው። የሞተሯ ካንዴላዎች ገመድ የእኔ የስፌት ክር ነው፣ ሰም የተቀባ። አንድ ቀን ከእንቅልፌ ስነሳ ቅንድቤን ባጣው አልገረምም።

አባባ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብለዋል። መሪዋ በእርግጥ በየት በኩል ነው? የነዳጅ ክዳኗስ? "ልጁ ተጠንቅቆ ይመልስልኝ፤ ከመቸንከሬ በፊት ነው" ብለዋል።

ያክብርህ።
የአጎትህ ልጅ

ኅዳር 24

ለእህቴ፣

የከበረ ሰላምታዬ ለአንቺና ለአጎቴ ይድረስ። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ረጅም ነው። ስለ ጎረቤት ጉልበት ያነበብኩትን ያህል ስለ መኪናዋ ባነብ ደስ ይለኝ ነበር።

የአጎቴን ጥያቄ በተመለከተ፦ ፎቶው ላይ እንዳለው ይሥሩት። ፎቶ አይዋሽም። የአዳራሹ ባለቤት ሳይመጣብኝ፣ ቦታው ጠባብ ሆኖ መላዋን የማይበት ቦታ ሳጣ፣ ከግድግዳው ትልቅ መስታወት ፊት ቆሜ በስንት መከራ ያነሳኋቸው ናቸው። የለፋሁበትን ነገር መጠራጠር ደግ አይደለም።

አሁን ዋናውን ጉዳይ ስሚ። የአዳራሹ ባለቤት ለደንበኞቹ ትልቅ ግብዣ ያደርጋል። ትንሿ መኪና ከትልቋ አጠገብ እንድትቆም ተስማምተናል። ስለዚህ ከየካቲት በፊት አልቃ ትላክ። አጎቴ ከሥሯ ስማቸውንም ሆነ ምልክት እንዳያደርጉባት ንገሪልኝ። ንጹሕ ትሁን። ያለ እኔ ፎቶ፣ ያለ እኔ ቀለም፣ ያለ እኔ አጉሊ መነጽር ይህች መኪና እንደማትወለድ ሁላችንም እናውቃለን።

ሰላም ሁኑ።

ታኅሣሥ 11

ለአጎቴ ልጅ፣

ሰላምህ ይብዛ፣ መንገድህ ይቅና፣ ልብም ይስጥህ። የመጨረሻዋን ምርቃት ለአንተ ብዬ ነው የጨመርኳት።

"ትላክ" አልክ አይደል? እንደ ሸሚዝ። አንተዬ፣ ቀለም የላከ ሁሉ ባለቤት ከሆነ ለእማዬ መቃብር አበባ የሸጠችልን ሴትዮም መቃብሩ የእኔ ነው ትበለን።

አንድ ነገር ላሳይህ፤ ከዚያ በኋላ ዓይን ካለህ ጠይቅ። የመቀመጫዎቿ ቆዳ የእማዬ የእጅ ቦርሳ ነው። አባባ ቦርሳውን ስፌት በስፌት ራሳቸው ተረተሩት፤ ቆዳውንም ራሳቸው ሰፉት። የመሪዋ ክብ የእማዬ የጆሮ ሎቲ ነው፣ የግራው። በሠርጓ ቀን ያደረገችው። ቁርስ ከበሉ በኋላ መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ይቀመጡና ያቺን ሎቲ በሌባ ጣታቸው ጫፍ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ያዞሯታል። የፊት ጎማዎቹ አብረው ይዞራሉ። "ዛሬ ወዴት እንሂድ?" ይላሉ። እኔን እንዳልሆነ ስለማውቅ የቁርሱን ዕቃ አነሳለሁ። ይህችን ነው ላኪ የምትለኝ? መኪናዋን ብወስድባቸው ሰውዬው ወደ ግድግዳው ይመለሳሉ፤ በቃ። ቀብራቸውን በፖስታ እንደ መላክ ቁጠረው።

ደግሞስ ምልክት አይደረግ ማለት ምን ማለት ነው? አንተም እዚያ ጋራዥ ውለሃል። አባባ ሠርተው የጨረሱትን መኪና ሁሉ ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ በሹል ብረት ሦስት ነጥብ ሳይመቱበት ሰጥተው አያውቁም። አብሯቸው የሠራ ሰልጣኝ ካለም አንድ ነጥብ ከጎን ይጨመርለታል። ስንቱ ጎረምሳ ያቺን ነጥብ ያገኘ ቀን ለሰፈሩ ሁሉ ሻይ ጋብዟል! ማንን ደስ ይበለው ተብሎ ነው አሁን የሚቀረው?

መልሴ አጭር ነው፤ አይሆንም። ደብዳቤህንም ለአባባ አላነበብኩላቸውም። "ስለ መሪው ምን አለ?" ሲሉኝ "ፎቶ አይዋሽም ብሏል" አልኳቸው። ፎቶውን አንስተው ብዙ አዩትና "እሺ፤ እንዳለው ይሁን" አሉ።

የአጎትህ ልጅ

ጥር 29

ለእህቴ፣

ሰላምታ ይድረሳችሁ። ዘግይቼ የጻፍኩት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፤ በተናደድኩበት እጅ ላለመጻፍ ነው። ግን አልበረደልኝም።

ስለ ጋራዡ አንቺ ካነሳሽው ላይቀር እኔም ላንሳው። አዎ፣ ውያለሁ። ቆርቆሮ ተሸክሜአለሁ፣ ጠርጌአለሁ፣ ጣቴን በመዶሻ ቀጥቅጬአለሁ። አባትሽ በሰው ፊት "ይህ እጅ ድንጋይ ለመፍለጥ ነው እንጂ ለቆርቆሮ አይሆንም" ብለው አባረሩኝ። አንዲት ነጥብ ሳይመቱልኝ። ሰልጣኞቹ ሲስቁ አንቺም በር ላይ ቆመሽ ስትስቂ አይቼሻለሁ። እና ዛሬ ስለ ነጥብ ልታስተምሪኝ?

መኪናዋን ለባለቤቱ ነግሬዋለሁ፤ ለደንበኞቹም ተነግሯል። ባትመጣ የምዋረደው እኔ ነኝ። የሠራኋት እኔ ነኝ አላልኩም፤ ከቤታችን የወጣች ናት ነው ያልኩት። ይህ ሐሰት ነው?

ጭነት መኪናውን በመርከብ እያሻገረ የሚመላለሰው ሹፌር ወዳጄ በየካቲት መጀመሪያ በዚያ ያልፋል፤ ሣጥኑን ይቀበልሻል። እምቢ ካልሽ ደግሞ የተቀመጥሽበት ቤት እኩሌታው የአባቴ መሆኑን አትርሺ። እስከ ዛሬ ያላነሳሁት ስለማከብራችሁ ነው።

ለአጎቴ በቀጥታ ጽፌላቸዋለሁ። አንቺ ስለማታነቢላቸው በትልልቁ ነው የጻፍኩት።

የካቲት 9

ለአጎቴ ልጅ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ከዚህ በላይ ምርቃት ዛሬ ከአፌ አልወጣም፤ አሟጥጬ ፈለግኩ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የቤቱን እኩሌታ ከፈለግህ ና ውሰድ፤ የሚያፈሰው ያንተ ይሁን። ክረምት ሲገባ ባልዲህን ይዘህ ናልን።

በትልልቁ የጻፍከውን አባባ በአጉሊ መነጽሩ፣ አንተ በላክኸው በራሱ፣ ሁለቴ አነበቡት። እንዲቆጡ ጠበቅኩ፤ አልተቆጡም። "የወንድሜ ልጅ ባዕድ አገር በሰው ፊት ከሚያፍር መኪናዋ ትሂድ" አሉ። እኔ ጮህኩ። ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። እትዬ ሳቂታ በምርኩዝ ደረጃውን ወርደው "ሌባ ገባ?" ብለው መጡ። "ሊገባ ነው፣ ሣጥን ይዞ" አልኳቸው።

የእማዬን ሎቲ በትንሿ ፒንሳ ነቅለው በመዳብ ሽቦ ተኩት። ሎቲዋን እጄ ላይ አኖሩና "ይህችን አንቺ ጠብቂልኝ" አሉ። ከዚያ የሾፌሩን መቀመጫ አንስተው ሥሩን ነካክተው መልሰው ገጠሙት። ምን እንዳደረጉ አላየሁም፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር። በጥጥ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ሲያስተኟት ግን ፈገግ ይሉ ነበር። "ምን ያስቅዎታል?" ብላቸው "ስትደርስ ይታያል" አሉኝ።

ሹፌሩ ወዳጅህ መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ከአንተ ጋር እንዴት እንደተዋወቀ እንጃ። ሣጥኑን ሲወስድ አባባ እስከ በር ሸኙት። አሁን ጠረጴዛው ባዶ ነው። እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው ጣታቸውን እንጨቱ ላይ ያዞራሉ፤ የሚዞር ነገር የለም። ሾርባ አቀርባለሁ፣ ይቀዘቅዛል፣ አነሳለሁ።

ይኸው አገኘሃት። ደስ ይበልህ።

ሚያዝያ 3

ለእህቴ፣

አባትሽ አዋረዱኝ።

ሹፌሩ መንገድ ላይ ቆይቶ በግብዣው ዕለት ነው ያደረሳት። እንግዳ መግባት ስለጀመረ ከሣጥኑ አውጥቼ ቀጥታ ከትልቋ አጠገብ አቆምኳት። ሰው ከበባት። "እንዴት ያለ እጅ ነው!" አሉ፤ በሯን ከፍተው ዘጉ፣ ኮፈኗን አንስተው ሞተሯን አዩ፣ አጨበጨቡ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ አንዴ ትልቋን አንዴ ትንሿን አየና "እህትማማቾቹ ተኳርፈዋል እንዴ?" አለ። ያኔ ሁሉም አየ። የትልቋ መሪ በግራ፣ የትንሿ በቀኝ። የነዳጅ ክዳኑ በሌላ ጎን፣ ጭስ ማውጫው በሌላ ጎን። ሁሉ ነገር የተገላቢጦሽ! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቱ ወደ እኔ ዞሮ "በየቀኑ የምትወለውላትን መኪና እንዴት ገልብጠህ ትሠራታለህ?" አለኝ።

ሆን ብለው ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ጎበዝ ባቲላሜራ ቀኝና ግራውን አይስትም። በጋራዡ ያሳቁብኝ አልበቃቸው ብሎ ባሕር ማዶ ድረስ ተከትለው አሳቁብኝ። ያልኩትን የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሥሯ ስም አልጻፉባትም።

የጎረቤትሽ ልጅ ለእረፍት ስትመጣ ይዛላችሁ ትመጣለች። ዓይኔ እንዳያያት።

ግንቦት 15

ለአጎቴ ልጅ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ፈጣሪ ከንዴት ይጠብቅህ፤ የተናደደ ሰው የራሱን ደብዳቤ አያነብማ። እኔ ግን አንብቤልሃለሁ። በጥር "የሠራኋት እኔ ነኝ አላልኩም" ብለኸኛል። በሚያዝያ ደግሞ ባለቤቱ "እንዴት ገልብጠህ ትሠራታለህ?" ብሎ የጠየቀው አንተን ነው። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ይህን ለማገናኘት ግን ትምህርት አያስፈልግም። እሰይ! በሩ ላይ ቆሜ ሳቅሁብህ ላልከው ያን ጊዜ ስለ ሌላ ነገር ነበር የሳቅሁት፤ አሁን ግን ባንተ ነው።

ነርሷ እሑድ ከሰዓት ሣጥኑን ታቅፋ መጣች። እናቷ እትዬ ሳቂታ ምርኩዛቸውን ጥለው ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ተከተሏት፤ ጉልበታቸው ድኖ ምላሳቸው ላይ ጨምሯል። አባባ ሣጥኑን አልተሻሙም። እጃቸውን ታጥበው፣ ጠረጴዛውን ጠርገው፣ ከዚያ ከፈቱ። መኪናዋ ጭረት የላትም። ይህን አልክድህም፤ ጥጡን አሳምረህ ነው የጠቀጠቅኸው። ሎቲዋን ከመሀረቤ ፈትቼ ሰጠኋቸው፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ቦታዋ ገባች። ጎማዎቹ ሲዞሩ እኔ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ። ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶ ነበር።

ስመለስ ነርሷ ያንተን ፎቶዎች ይዛ ቆማለች። "ይህ ፎቶ እኮ ግልብጥ ነው!" አለች። ከመኪናዋ ኋላ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን አሳየችን። ፊደሉ የእናንተ አገር ነው፤ ተኝቶ ይሁን ቆሞ ለእኔ ያው ነበር። ለእሷ ግን ከኋላ ወደ ፊት የሚነበብ ሆነባት። "መኪናዋን አይደለም ያነሳት፤ መስታወቱ ውስጥ ያለችውን ነው ያነሳው" አለች። ያንን ትልቅ መስታወት አስታወስኩ። ከፊቱ ቆሜ በስንት መከራ ብለህ የጻፍክልኝን! አባባ ደግሞ መሪዋ በየት በኩል ነው ብለው አስጠይቀውህ ነበር። ተጠንቅቆ ይመልስ ብለው ነበር። ፎቶ አይዋሽም ያልከው ማን ነው? የሳቁብህ እነዚያ ሰዎች አይደሉም፤ የገዛ መልስህ ነው።

ወደ አባባ ዞርኩ። "ያውቁ ነበር?" አልኳቸው።

"አውቄ ነበር" አሉ።

"ታዲያ ለምን አላቃኑትም?"

ከፎቶዎቹ አንዱን መዘዙና ጥጉን በጣታቸው ነኩ። ስንት ዓመት ጠረጴዛው ላይ ሲያድር ያላየሁትን አየሁ። ጥጉ ላይ፣ ከመኪናዋ መብራት አጠገብ፣ አንተ አለህ። አንድ ዓይንህ ካሜራው ላይ ነው፣ ሌላው ተጨፍኗል። ከስተሃል። የሸሚዝህ ኮሌታ አንድ ጎኑ ተቀልብሷል።

"ከሄደ ወዲህ ፊቱን ያየሁት እዚህ ላይ ነው" አሉ አባባ። "መስታወት መሆኑን በዚህ አወቅሁ። እሱ እንዳያት ሠራኋት። ጠየቅሁት፤ እንዳለው ይሁን አልኩ። መኪናዋን ካቃናሁ እሱን የት ላስቀምጠው?"

እኔ ይህን አልገባኝም፤ ግልጹን ልንገርህ። እኔ ብሆን ፎቶውን እቀደው ነበር። ግን የባሰ አለ። ነርሷ የጥጥ ብናኝ ልታወጣ የሾፌሩን መቀመጫ አነሳችው። "ይህ ምንድን ነው?" አለች። ሄጄ አየሁ። ከሥሩ ሦስት ነጥብ አለ። ከሦስቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ አንድ አለ። አራተኛው የማን እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። ምልክት አታድርጉ ብለህ ተቆጥተህ፣ ያንተውን ነጥብ ይዛ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግራ ብትመጣልህ፣ ወንበሩን ሳታነሳ መልሰህ ላክሃት። በመርፌ ልፍቃት ተነስቼ ነበር፤ አባባ እጄን ያዙኝ። አያያዛቸው የጤነኛ ነው፤ ጠንክሯል። ለዚህ ብቻ ብዬ ተውኩት።

እትዬ ሳቂታ ወንበር ላይ ተደላድለው ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ "ሰውዬው ያባረረውን ልጅ በመስታወት መልሶ ቀጠረው በሉኛ!" አሉ። ነርሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ሊወጡ ሲሉ ነርሷ "ስመለስ ምን ልበልልዎ አባባ?" አለቻቸው። አባባ ሎቲዋን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዞሩ።

"ቀጥ ያለችውን መሥራት እጀምራለሁ፤ አዲስ ፎቶ ያንሳልኝ በይው" አሉ። "በዚህኛው ከመስታወቱ ፊት ዞር ይበል።"

እሷ በሩን ልትዘጋ ስትል እንደገና ጠሯት።

"ቆይ ልጄ። አንዷን ግን እዚያው መስታወቱ ላይ ያንሳት በይው። ኮሌታውን አስተካክሎ።"